ሳጥኑ የማን ነው? ከጆተኒ እስከ ደመና

ስለ ቤት ውስጥ ጌም ማጫወቻ ታሪክ የተጻፈ ነገር ብታነቡ የምታገኙት ትረካ አንድ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ራልፍ ቤር የፈጠረው ማሽን «ኦዲሲ» ተብሎ አሜሪካ ውስጥ ለገበያ ቀረበ። በ1983 የኒንቴንዶ «ፋሚኮም» ጃፓን ውስጥ ወጣ፤ በ1994 ፕሌይስቴሽን፣ በ2000 ደግሞ ፕሌይስቴሽን 2 ተከተሉ። ትረካው ሁሌም የሚያልቀው ሳሎን ውስጥ ነው፦ ወላጅ ይገዛል፣ ልጅ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። የእኛ ታሪክ ግን በአብዛኛው ሳሎን አልገባም። ፋሲሎ ላደገ እንደኔ ዓይነት ልጅ ፕሌይስቴሽን ያለው ጌም ቤት ነው፤ አግዳሚ ወንበር፣ ተራ ጠባቂ፣ ከኋላ ቆሞ «አቀብለው!» እያለ የሚጮህ ሰው ያለበት።

ጌም ቤትም ከሰማይ አልወረደም። ከሱ በፊት ከረንቡላ ቤት ነበረ፤ መንገድ ዳር የቆመ ጆተኒ ነበረ። በጣሊያንኛ «ጄቶኒ» ማለት ማሽን ለማስነሳት የሚከተቱ፣ ሳንቲም የሚመስሉ ነገሮች ናቸው። የጆተኒን ስም ከዚህ ጋር አስተያዩትና ፍርዱን ለናንተ ልተው። ሕጉ ግን ግልጽ ነው፦ ዕቃውን አንድ ሰው ይገዛል፣ ሰፈሩ በጨዋታ ይከፍላል፣ ብዙ ጊዜም የተሸነፈው ይከፍላል። ፕሌይስቴሽን 2 የወረሰው ይሄንኑ ሕግ ነው። ስለዚህ ዛሬ የውጭ ኩባንያዎች «መግዛት ቀረ፣ መከራየት መጣ» ሲሉን ብዙም አይገርመንም፤ እኛ እኮ ድሮም ተከራዮች ነን። ጥያቄው ከማን ነው የምንከራየው የሚለው ነው።

ፕሌይስቴሽን 2 ለምን እዚህ ያን ያህል ዕድሜ አገኘ? ሶኒ ከ150 ሚሊዮን በላይ ሸጦ በ2013 ማምረት አቆመ። በዚያው ዓመት ፔስ 2014 ለዚሁ ማሽን መውጣቱ ራሱ ምን ያህል እንደኖረ ያሳያል። ጌም ቤቶች ውስጥ ግን ከዚያም በኋላ ሲሠራ ቆይቷል። ዋናው ምክንያት ርካሽነቱ ብቻ አይመስለኝም። ማሽኑ ለመነሳት የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም ነበር። ሌንሱ ሲደክም ሠራተኛ ይቀይረዋል፤ ዲስክ አላነብ ሲል ጌሙን ከፍላሽ የሚያስነሳበት ዘዴ ነበረ። ዲስኮቹ የተቀዱ ነበሩ፣ ይሄን መሸፋፈን አያስፈልግም፤ ኦሪጅናሉን የሚሸጥልን ሱቅም አልነበረም። ግን ከ8 ሜጋባይት ሚሞሪ ካርድ ጀምሮ ሁሉም ነገር እዚያው ክፍል ውስጥ ነበር።

አሁን ነገሩ በሌላ አቅጣጫ እየሄደ ነው። በ2020 ፕሌይስቴሽን 5 ዲስክ ማስገቢያ የሌለው ዓይነት ይዞ ወጣ። በ2024 የወጣው ፕሮ ደግሞ ጭራሽ ያለ ዲስክ ማንበቢያ ነው የሚሸጠው። ማንበቢያውን ለብቻ ገዝታችሁ ስትገጥሙት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማስተዋወቅ ኢንተርኔት ይፈልጋል። በ2025 ከወጣው ስዊች 2 ጋር የመጡት አንዳንድ ካርዶች ውስጣቸው ጌም የለም፤ ቁልፍ ብቻ ይዘው ጌሙን ከኢንተርኔት ያስወርዳሉ። የመጨረሻው ደረጃ ሳጥኑ ራሱ የሚጠፋበት ነው፦ ጌሙ ሩቅ አገር ሰርቨር ላይ ይሠራል፣ ወደናንተ የሚመጣው ምስሉ ብቻ ነው። ጉግል በ2019 «ስቴዲያ»ን በዚህ መንገድ ጀምሮ በጥር 2023 ዘጋው።

ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ስለሆነ ሒሳቡን ልሥራላችሁ። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም ለአንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ነው። ሰርቨሩ ጆሃንስበርግ ቢሆን ከባሕር ዳር በቀጥታ መስመር ከ4,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ደርሶ መልስ ቢያንስ 40 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ይሄ ገመዱ ሳይጠማዘዝ፣ መስመሩ ሳይጨናነቅ ነው። ኳሷን መታችሁ እግሩ የሚንቀሳቀሰው ከሁለት ምስል በላይ ዘግይቶ ነው ማለት ነው። ለቼዝ ችግር የለውም፤ ለፍጹም ቅጣት ምት ግን አስቡት።

ከፍጥነቱ የባሰው ግን ቁልፉ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። እኔን መሰል ሰው ሥራው በእጁ ላይ ሞተ፤ መብራት ባለ ሰዓት ኳስ የሚያጫውተው አሮጌ ሳጥን ግን ምንም አልጎደለበትም። ኢንተርኔቱ ቢኖርም ሌላ በር አለ፦ የፕሌይስቴሽን አካውንት በይፋ የሚከፈትባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። በግንቦት 2024 «ሄልዳይቨርስ 2»ን በኮምፒውተር የሚጫወቱ ሰዎች ይሄን አካውንት እንዲያገናኙ ሲጠየቁ፣ ጌሙ አካውንቱ ከማይሰጥባቸው ከ170 በላይ አገሮች ሽያጭ ላይ ወረደ። ተጫዋቾች ተቆጥተው ሶኒ ግዴታውን አነሳ። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛ ሰው እንኳ በአንድ ማስታወቂያ ከበር ሊቀር እንደሚችል ግን ታየ።

ታዲያ የእኛ ቀጣይ ማጫወቻ ምን ይመስላል? የኔ ግምት ይሄ ነው። ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ አቅሙ ከፕሌይስቴሽን 2 እጅግ ይበልጣል፤ ቅኔ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት «ኩኩሉ»ን እና «ገበጣ»ን የሠራው ለስልክ ነው። በዚያ ላይ ምስልን በአንድ ቤት ዋይፋይ ውስጥ ከማሽን ወደ ማሽን መላክ ዛሬ የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህ ጌም ቤቱ አንድ ጠንካራ ኮምፒውተር ጥግ ላይ አስቀምጦ፣ ደንበኛው በራሱ ስልክ ወይም ግድግዳው ላይ ባለው ቴሌቪዥን ሊጫወት ይችላል። ደመና ብትሉት ደመና ነው፤ ግን እዚያው ጣሪያ ሥር ያለ። መዘግየቱ ጥቂት ሚሊሰከንድ፣ ኪራዩ በብር፣ ባለቤቱም ሲበላሽ ሄዳችሁ የምትጨቃጨቁት የሰፈር ሰው።

ይሄ የሚሆነው ግን ያለ ኢንተርኔት የሚነሳ ጌም የሚሠራ ሰው ከተገኘ ነው። እዚህ ላይ ኳሱ ያለው እኛ ኮድ የምንጽፈው ጋ ነው። አዲስ ማጫወቻ ሲወጣ ስንት ምስል በሰከንድ እንደሚያሳይ ሁሉም ይጠይቃል። እናንተ አንድ ነገር ጨምሩበት፦ ገመዱ ቢነቀል ይነሳል?