ነጠቃ፦ የሌላውን ሰው ገጸ ባሕርይ ማስለቀስ

የእህቴ ልጅ የምትኖረው ቁስቋም፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነው። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው ሄጄ ገና ቁጭ ሳልል ስልኳን ይዛ መጣች። ፊቷ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ አስለቀሳት!»

«ማንን?»

«የሸማኔውን ልጅ!»

ነገሩ ቆይቶ ገባኝ። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በቴሌግራም አንድ ታሪክ ለአራት ይጽፋሉ። እያንዳንዱ ጸሐፊ የራሱ ገጸ ባሕርይ አለው፤ ያንን ገጸ ባሕርይ ሆኖ ያስባል፣ ይናገራል፣ ያደርጋል፤ ከዚያ ተራውን ለሌላው ይለቃል። የእሷ ገጸ ባሕርይ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ልጅ ናት፤ አባቷ ሲሞት እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰች ግትር። የሀብታም ልጅ ገጸ ባሕርይ የሚጽፈው ጓደኛቸው በተራው እንዲህ ብሎ ላከ፦ «እጇን ያዛት። አለቀሰች። ይቅርታም ጠየቀችው።»

«እሷ አታለቅስም። የማውቃት እኔ ነኝ» አለችኝ።

ይህን ዓይነት አጻጻፍ በሌላው ዓለም ሮልፕሌይ ይሉታል፤ እኔ የሚና ጽሕፈት እለዋለሁ። ያ ልጅ ያደረገው ነገር ደግሞ በእንግሊዝኛ ፓወርፕሌዪንግ ይባላል፤ አንዳንዶች ጎድሞዲንግ በሚለው ሰፊ ስም ውስጥ ያጠቃልሉታል። ለአማርኛ የማቀርበው ቃል ነጠቃ ነው። ትርጉሙም፦ በጋራ በሚጻፍ ታሪክ ውስጥ አንዱ ጸሐፊ ያለ ፈቃድ የሌላውን ገጸ ባሕርይ ድርጊት፣ ንግግር ወይም ስሜት መወሰኑ።

ለምን የእንግሊዝኛውን እንዳለ አንወስድም የሚል አይጠፋም። የውጭ ስም መውሰድ በራሱ ነውር የለበትም። ቁስቋም የሚለው ስም ራሱ ከግብፅ የመጣ ነው፤ ቅድስት ቤተሰብ በስደት ዐረፉበት የሚባለው ቦታ ስም ነው። እቴጌ ምንትዋብ ጎንደር ላይ ተከሉት፣ ወደ አዲስ አበባም ደረሰ፤ ዛሬ ባዕድ ነው የሚለው የለም። ጎድሞዲንግ ግን አማርኛ አፍ ላይ ይከብዳል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ትርጉሙን ይደብቃል። ቃሉ የመጣው ከኮምፒውተር ጨዋታ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. የወጣው ዱም የተባለ የተኩስ ጨዋታ ላይ ተጫዋቹ ጥቂት ፊደላት ሲጽፍ ጥይት የማይጎዳው ይሆን ነበር። ያንን ሁኔታ «ጎድ ሞድ»፣ «የአምላክ ሁኔታ» አሉት። ቃል በቃል ብንመልሰው አንባቢው ሃይማኖታዊ ጉዳይ ይመስለዋል። የማይሞት፣ የማይመታ፣ የማይሸነፍ ገጸ ባሕርይ ለሚጽፍ ሰው አይነኬ የሚል ዝግጁ ቃል አለን፤ ጥፋቱን አይነኬነት ብንለው ይበቃል። ነጠቃ ከዚህ ይለያል፦ አይነኬው የራሱን ገጸ ባሕርይ ከልክ በላይ ይጠብቃል፣ ነጣቂው የሌላውን ይወስዳል።

ጠለፋ የሚለውን ቃል ብዙ አስቤበት ተውኩት። በአንድ በኩል ከኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ጋር ስለተያያዘ «ገጸ ባሕርይዬ ተጠለፈ» ብትል ሰው የይለፍ ቃልህ የተሰረቀ ይመስለዋል። ዋናው ምክንያቴ ግን ሌላ ነው። ጠለፋ በዚህ አገር ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ተይዘው ያለፍላጎታቸው የተዳሩ ልጃገረዶች ታሪክ ነው፤ ያንን ስም ለጨዋታ ጥፋት ማዋል አልወደድኩም። ጣልቃ ገብነት ደግሞ የዜና ቃል ሆኗል፣ ቀዝቃዛ ነው። ነጠቃ ይረባልናል፦ ነጠቀ፣ ተነጠቀች፣ ነጣቂ፣ «አትንጠቀኝ»። ልጆች በጠብ መካከል ሊሉት የሚችሉት ቃል ነው።

ነጠቃን ለመለየት አማርኛ ራሱ መሣሪያ ሰጥቶናል፤ ይህን ሳስተውል ደስ አለኝ። በግሳችን ፊት የምትመጣውን «አስ» ተመልከቱ፦ አስለቀሳት፣ አሳመናት፣ አስፈራት፣ አሳቃት። በአንዲት ቃል ውስጥ ሁለት ሰዎች አሉ። አንዱ ያደርጋል፣ ሌላዋ ታለቅሳለች፤ ልቅሶው ግን የተጻፈው በእሱ እጅ ነው። የሚና ጽሕፈት ላይ «አሳመናት» ብሎ የጻፈ ሰው ማመኗን ከእሷ ነጥቆ ወስኗል። «ሊያሳምናት ሞከረ» ቢል ኖሮ መልሱ የእሷ ይሆናል። እንዲሁም «በጥፊ መታው» ነጠቃ ነው፤ «በጥፊ ሊመታው እጁን ሰነዘረ» አይደለም፤ ሌላው ጸሐፊ ጎንበስ ሊል፣ እጁን ሊይዝ ወይም ጥፊውን ሊቀበል ይችላል። ጀማሪ ጸሐፊ ከመላኩ በፊት ግሶቹን አንድ በአንድ ቢያያቸውና የሌላው ሰው መልስ የተሸከሙትን ወደ «ሊ» ቢቀይራቸው አብዛኛው ጠብ ሳይነሣ ይቀራል።

የሽሮ ሜዳ ሸማኔ መወርወሪያውን በአንድ እጁ ወርውሮ በሌላው ይቀበላል። በሚና ጽሕፈት ግን ወርዋሪውና ተቀባዩ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የወረወረው ሮጦ ሄዶ ራሱ ከተቀበለው ሌላው እዚያ የተቀመጠበት ምክንያት የለም።

«ታዲያ ጨዋታ አይደል፣ ምን ያስቆጣል?» የሚሉ አሉ። እኔም መጀመሪያ ላይ እንደዚያ ማሰብ ዳድቶኝ ነበር፤ «ልብ ወለድ» የሚለው ቃል ግን መለሰኝ። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ይባል ነበር፤ በኋላ ጦቢያ በሚለው ስም ታወቀ፣ «ልብ ወለድ» ግን የድርሰቱ ዓይነት መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ገጸ ባሕርይ ልብ የወለደው ነው። የእህቴ ልጅ ያችን የሸማኔ ልጅ ለወራት አሳድጋታለች።

ቁጣው የልጆች ብቻም አይደለም። በ1993 እ.ኤ.አ. ላምዳሙ በተባለና በጽሑፍ ብቻ በሚካሄድ የጋራ ዓለም ውስጥ አንድ ተጫዋች የሌሎችን ገጸ ባሕርያት በራሱ ፕሮግራም እየነዳ፣ ባለቤቶቻቸው ያልጻፉትን አዋራጅ ድርጊት የፈጸሙ አስመሰለ። ጋዜጠኛው ጁልያን ዲቤል ታሪኩን በዚያው ዓመት መጨረሻ በኒው ዮርኩ ቪሌጅ ቮይስ አወጣው። ከተጎዱት አንዷ ተቃውሞዋን ስትጽፍ እንባዋ ይወርድ እንደነበር ነግራዋለች። ነዋሪዎቹ ለቀናት ተከራከሩ፣ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ የጥፋተኛውን ገጸ ባሕርይ አጠፋው፤ መሥራቹ ፓቬል ከርቲስም ተጫዋቾች አቤቱታ አቅርበው በድምፅ የሚወስኑበትን ሥርዓት ዘረጋ። አካል አልተነካም። የተነካው ሰው ግን እውነተኛ ነበር።

ሁለት ጸሐፊዎች አስቀድመው «በዚህ ትዕይንት ላይ ታቆስለኛለህ» ብለው ከተስማሙ ያ ነጠቃ አይደለም። «ተያይዘው ከቤት ወጡ» የሚለው ትንሽ ነገርስ? ብዙዎች ያልፉታል፤ ታሪኩ በየበሩ እየቆመ ፈቃድ ሲጠይቅ ይዝላል። የኔ ፍርድ፣ እግርን ማንቀሳቀስ በወዳጆች መካከል ይታለፋል፤ ልብንና አፍን ማንቀሳቀስ ግን ሁልጊዜ መጠየቅን ይሻል።

ዕቃ ዕቃ የተጫወተ ሁሉ ይህን ሕግ ያውቀዋል። «አንቺ እናት ሁኚ፣ እኔ አባት ልሁን» ተብሎ ይጀመራል፤ ከዚያ አንዱ ተነሥቶ «አሁን አንቺ ሞተሻል» ይላል። «አልሞትኩም!» ትላለች፤ የቆርቆሮው ድስት ይገለበጥና ጨዋታው ይፈርሳል። ያኔ ጥፋቱ ስም አልነበረውም።

የእህቴ ልጅ ለጓደኛዋ የጻፈችው መልስ አጭር ነበር፦ «እሷን እኔ ነኝ የምጽፋት። አትንጠቀኝ።» ልጁ መልእክቱን አጥፍቶ እንደገና ላከ፦ «እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋ።» የሸማኔው ልጅ እጇን ወደ ኋላ ሰበሰበች፤ ታሪኩም እስከ ዛሬ ይጻፋል። እናንተም እንዲህ የምትጽፉ ልጆች ቤታችሁ ካሉ ቃሉን ስጧቸው፤ ከነጠቃ የተሻለ ካገኙ ደግሞ የእነሱን ውሰዱ።