ማን ይቅዳው? ማን ያስተምረው?

ስለ ዜማ ቅጂ ፈቃድ ሲነሣ ቶሎ ትዝ የሚለን የሙዚቃ ቤትና የዘፋኝ ክርክር ነው። ዳሩ ግን ሙዚቃ ቤት ሳይታሰብ በፊት በአገራችን የዜማ ፈቃድ የሚሰጥ ጉባኤ ነበረ፤ ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት፣ ቤተልሔም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቅዱስ ያሬድን ድጓ በየደብሩ መማር ይቻላል። ብዙው ተማሪ መጽሐፉን ራሱ ነበር ብራና ላይ የሚጽፈው፤ ቀለሙን በጥብጦ፣ መቃውን ቀርጾ፣ በየመንደሩ እየለመነ። አትቅዳ ያለው የለም። የዜማ ምልክቶቹ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል እንደተደራጁ ይነገራል፤ ቅጂን ከቅጂ ማመሳከር የተቻለውም በነሱ ነው። ታዲያ የድጓ መምህር ልሁን የሚል ቤተልሔም ሄዶ ያስመሰክራል። የኔታ ፊት ያዜማል፣ መጽሐፉን ያርማል። ሳያስመሰክር ወንበር ቢዘረጋ ማን ይሰማዋል? ለዝማሬና መዋሥዕት ደግሞ እዚያው ጋይንት ዙር አምባ አለ።

ልብ በሉ፤ ፈቃዱ ለመቅዳት ሳይሆን ለማስተማር ነው። የመንግሥት ሕግ መንገዱ ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኋላም አዋጅ ቁጥር 410/1996 ቅጂውን የደራሲው ንብረት አደረጉት። ለትምህርት ቤት ግን በር ተትቷል፦ በነፃ የሚቀርብን የትምህርት ቤት ጨዋታ ባለመብቱ ሊከለክል አይችልም፤ ለማስተማሪያም ምንጩንና ደራሲውን ጠቅሶ በመጠኑ መቅዳት ይፈቀዳል። አባዝቶ መሸጥ ሲመጣ ነው በሩ የሚዘጋው። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ፣ አዋጅ ቁጥር 872፣ ክፍያውን የሚሰበስብ የጋራ ማኅበር እንዲቋቋም ፈቀደ።

አሁን ደብረ ታቦርን እንይ። የተክሌ አቋቋም መነሻው የፎገራው አለቃ ገብረ ሃና ናቸው፤ ልጃቸው ተክሌ ተማረው፣ ጎንደር አልቀበልም ሲል ደብረ ታቦር ተቀበለው ይባላል። (ጎንደሬዎች ይህን ሲሰሙ አይወዱም፣ ይቅር ይበሉን።) የሕጉ ጥበቃ ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ስለሆነ፣ ዛሬ አቋቋሙን ማንም ክበብ ያለ ክፍያ ሊያሳየው ይችላል። በስልክ ተቀርጾ፣ ተቆራርጦ፣ ጽናጽሉ ከዘንጉ ሳይገጥም ሲዞርም እናያለን። በሕጉ ዓይን ጥፋት የለበትም። በምስክር ጉባኤ ዓይን ግን አላለፈም።

ሕጉን ብቻ ነቅፌ እንዳላልፍ፣ ቤተልሔም ያላሰበችው አንድ ነገር አለበት። አዋጅ 410 ለከዋኙም መብት ሰጥቷል። ዜማው የማንም ቢሆን፣ ድምፁን ቀርጾ ለማባዛት የዜመኛውን ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። መቅረጫ ይዞ ወደ ጉባኤ ቤት የሚመጣ አሳታሚ እንግዲህ ቁራሽ ለምኖ የተማረውን መሪጌታ ቁጭ ብሎ ማስፈቀድ፣ ስለ ዋጋውም መነጋገር አለበት።