የሎጎ ሐይቅ ሁለት መዛግብት

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሲሪንቃን፣ መርሳንና ውርጌሳን አልፎ ውጫሌ ይደርሳል። ውጫሌ ስመ ጥር ናት፤ በ1881 ዓ.ም. ከኢጣልያ ጋር በተፈረመው ውልና ውሉ ባስከተለው ጦርነት ምክንያት የትምህርት ቤት ተማሪ ሁሉ ያውቃታል። ከእርሷ ወደ ደቡብ ጥቂት ዘልቆ፣ ከወልድያ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሎጎ ሐይቅ ግን ከውጫሌ ውል በስድስት መቶ ዓመት የሚቀድም ታሪክ ይዞ ሳለ ብዙዎቻችን የምናውቀው በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነው።

በእኛ በሐብሩ እንዲህ ያለ ሐይቅ የለም። ተራራ አለን፤ ወደ አፋር ቆላ የሚወርዱ ወንዞችም አሉን። ስለዚህ የተፋሰስ ጥበቃ ሲባል የሚታየን እርከን ብቻ ነው፤ ጎርፍ የወሰደው አፈር ወዴት እንደ ደረሰ የሚያሳየን ነገር የለም። ሎጎ ሐይቅ ግን ያሳያል። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ የሚተርፈውን ውሃ ጨምሮ የሚገባበት ብዙ ሲሆን በገጸ ምድር የሚወጣበት ወንዝ የለውምና፣ ከተራራው የወረደው ደለል እዚያው ይቀራል። የባንክ ሠራተኛ ነኝና በሙያዬ ልናገር፦ ገቢ እንጂ ወጪ የማይጻፍበት ሒሳብ ነው።

ስለ ሐይቁ አፈጣጠር የአካባቢው ሰው የሚተርከው አለ። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በልዕልት ተበድላ ወደ ፈጣሪዋ ብትጮኽ ዙሪያዋ ሁሉ ውሃ ሆነ፤ እርሷ የተቀመጠችበት ቁራሽ መሬት ብቻ ደረቅ ሆኖ ቀረ፤ ደሴቱም እርሱ ነው ይላሉ። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተመሠረተው በዚያ ደሴት ላይ ነው። ወደ ገዳሙ ሴት አትገባም፤ በተረቱ መሠረት ግን ደሴቱን ያስገኘችው ሴት ናት። ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ትውፊት የገዳሙን ምሥረታ ወደ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወስደዋል። ታሪኩ በጉልህ የሚታየው ግን አባ ኢየሱስ ሞዐ በደብረ ዳሞ ተምረው እ.ኤ.አ. በ1248 ገደማ ወደ ሐይቅ ከመጡ ወዲህ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከእርሳቸው ዘንድ ተምረዋል። ይኩኖ አምላክ እ.ኤ.አ. በ1270 ከነገሠ በኋላም ገዳሙ ከቤተ መንግሥቱ ጋር ተሳሰረ፤ አበምኔቶቹም «ዓቃቤ ሰዓት» በሚለው ማዕርግ የነገሥታት አማካሪዎች እስከ መሆን ደረሱ። ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራት እነዚህን አበምኔቶች ለይተው አጥንተዋቸዋል። ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280/81 ለገዳሙ ያበረከቱት አራቱ ወንጌል ከነሥዕላቸው ለዘመናችን ደርሷል። በውስጡ የወንጌል ቃል ብቻ ሳይሆን የገዳሙን ንብረትና ጉዳይ የሚመለከቱ ማስታወሻዎችም ተጽፈውበታል። ይህ የመጀመሪያው መዝገብ ነው፤ ብራና ላይ የተጻፈው።

እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ ኢትዮጵያ ከመጣው የፖርቱጋል መልእክተኛ ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ስለዚህ ሐይቅ ጽፏል። ወደ ደሴቱ የሚገባው በቄጠማ ታንኳ እንደ ነበር፣ ሎሚና ብርቱካን እንደሚበቅልበት፣ በውሃውም ውስጥ ጉማሬ እንደሚኖር ይነግረናል። የአውሬውን ስም የጻፈው እኛ በምንጠራበት ስም ነው። ዛሬ በሎጎ ሐይቅ ጉማሬ የለም። ደሴቱም ከዳርቻው ጋር በየብስ ተያይዞ ወደ እስጢፋኖስ በእግር ይገባል።

ሁለተኛው መዝገብ ያለው ከውሃው ሥር ነው። ዳርቢሻየር፣ ላምብና መሐመድ ዑመር የተባሉ ተመራማሪዎች ከሎጎና ከአርዲቦ ሐይቆች ወለል በቱቦ ያወጡትን ደለል መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። የዛፍና የሣር ጽጌ ብናኝ በጭቃ ውስጥ ሳይበሰብስ ለሺህ ዓመታት ስለሚቆይ፣ ከታች ወደ ላይ ደርብ በደርብ እየቆጠሩ በየዘመኑ በተራራው ላይ ምን በቅሎ እንደ ነበር ለማወቅ ይቻላል። ያገኙት ታሪክ እኛ ስንሰማው ካደግነው የተለየ ነው። ጥንታዊው የዝግባና የጽድ ደን የተመነጠረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ500 ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ 1800 ለሚጠጉ ዓመታት ምድሩን የሸፈነው ክትክታና ሣር ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ግን ጽድና ወይራ ተመልሰው ደን ሆኑ። ምንጣሮውና የአፈሩ መሸርሸር እንደ ገና የበረታው ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ነው።

ሁለቱን መዛግብት ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ያያል። ኢየሱስ ሞዐ መጽሐፋቸውን ባስጻፉበት ዘመን በዙሪያቸው የነበረው ክትክታ እንጂ ጥቅጥቅ ያለ ደን አልነበረም። አልቫሬዝ ያየው ሐይቅ ደግሞ ደኑ በተመለሰበት ዘመን የነበረው ነው። እንግዲያው «ድሮ ሁሉ ጫካ ነበር፤ እኛ ጨረስነው» የሚለው የሽማግሌዎች ምሬት ግማሽ እውነት ነው። ወሎ ተራቁቶ ያውቃል፤ ተራቁቶም ለምልሞ ያውቃል።

እንዴት ለመለመ የሚለው ግን ያስጨንቃል። ተመራማሪዎቹ ያቀረቡት ሦስት ግምት ነው፦ ዝናብ ጨምሮ፣ ወይም ሕዝቡ ተመናምኖ፣ ወይም የመሬት አጠቃቀሙ ተለውጦ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ሰው የ16ኛውን መቶ ዓመት ጦርነት ምክንያት ሊያደርገው ይወዳል፤ ይሁን እንጂ ደኑ መመለስ የጀመረው ከግራኝ አሕመድ መቶ ዓመት በፊት ስለሆነ ጦርነቱ ብቻውን አይበቃም። ደን በወሎ የሚመለሰው ሰው ሲጠፋ ብቻ ከሆነ ለእኛ ተስፋ የለንም። ሰው በመሬቱ ላይ እያረሰም ሊመለስ ይችል እንደ ሆነ ነው ማወቅ ያለብን።

ይህ ከ1966 እና ከ1977 ዓ.ም. ረሀብ ወዲህ በወሎ ተሞክሯል። ደርግ በዓለም የምግብ ፕሮግራም እህል እየከፈለ ገበሬውን እርከን አሠራ፤ ተራሮችንም ከከብትና ከምሳር አገደ። ከደሴ በስተደቡብ በማይባር ሐይቅ ተፋሰስም እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በስዊስ ባለሙያዎች እገዛ የጎርፍና የአፈር መጠን ይለካ ጀመር። ሆኖም በ1983 ዓ.ም. መንግሥቱ ሲወድቅ በብዙ ቦታ የታገደው ደን ተጨፈጨፈ። ዛፉን ገበሬው ራሱ ተክሎታል፤ ነገር ግን የመንግሥት ዛፍ ነበር። ባለቤቱ ሲሸሽ ንብረቱን የሚጠብቅለት አልተገኘም።

የሎጎ ሐይቅ ውሃም በዚያው ዘመን ተለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1969 የሄዱ ተመራማሪዎች 9 ሜትር ያህል ወደ ታች የሚያሳይ ጥርት ያለ ውሃ አግኝተው ነበር። በ1970 ዓ.ም. ቆሮሶ ዓሣ ተጨመረበት። ቆሮሶ ለአካባቢው ሰው ምግብና ገቢ ሆነ፤ ውሃው ግን እየደፈረሰ ሄደ። ያጠኑት ሰዎች ለውጡን በከፊል ከዓሣው ጋር ያያይዙታል፤ አልጌውን እየበሉ ውሃውን የሚያጠሩትን ደቂቅ ነፍሳት ዓሣው ስለሚመገባቸው ነው። ከእርሻው ታጥቦ የሚገባውም አፈር ለአልጌው ማዳበሪያ ይሆንለታል። ዓሣ አጥማጁን በዚህ የሚወቅስ ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ ተራራው ቀና ብሎ ይመልከት።

ከመንግሥት ይልቅ በወሎ የሚፈራው ቅሬ ነው። ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ቅሬ እስላሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ያስቀምጣል፤ ከቅሬ የተገለለ ሰው ሲሞት የሚቀብረው ያጣል። ስለዚህም «ከዚህ ተራራ ግራር አይቆረጥም፤ ከብት አይገባም» ብሎ ቅሬው ሲወስን ዘበኛ መቅጠር አያስፈልግም። ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ በበጋ በዘመቻ የሚሠራው እርከን የሚጸናው፣ እንደኔ አመለካከት፣ ዘመቻው ሲያበቃ ቅሬው በሚረከብበት ቦታ ነው።

ይህም ቢሆን በሰላም ጊዜ ነው። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና መርሳ በጦርነት ተይዘው፣ መብራት ጠፍቶ፣ ባንኩም ወፍጮውም ተዘግቶ በነበረባቸው ወራት ማገዶ ብቻ ነበር የቀረን። እናት ልጆቿን ለማብላት የቆረጠችውን ዛፍ የትኛው ቅሬ ይጠይቃታል?

ከሰላሙ ሌላ የሚቀረው ችግር የወሰን ነው። ቅሬ የሰፈር ነው፤ ሐይቅ ግን ሰፈር የለውም። በላይ ያለው ቅሬና በዳርቻው ያለው ቅሬ አንዱ የሌላውን ሬሳ አይቀብርም፤ ስለዚህ አንዱ የሌላውን አፈር አይጠይቅም። ሁለቱን በአንድ ዋርካ ሥር የሚያስቀምጥ፣ የሁለቱንም ሽማግሌዎች ቃል የሚያስር ሥርዓት ገና አልተበጀም። የእስጢፋኖስ መነኮሳትም የሐይቁ ጎረቤቶች ናቸውና ከዚያ ሸንጎ ሊቀሩ አይገባም። የመንግሥት ባለሙያ ቢገኝ መልካም ነው፤ ሸንጎውን ግን እርሱ ባይጠራው ይሻላል።