ወባ ወደ ፖርት ሉዊስ ወደብ እንዴት ገባ

ወባ የቆላና የረግረግ በሽታ ነው ሲባል እንሰማለን። ነገር ግን ወባ በመርከብም እንደሚጓዝ የሞሪሸስ ደሴት ታሪክ ይመሰክራል። በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጽ አሰብን፤ ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሞሪሸስ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ የምትገኝ ደሴት ናት፤ ፖርት ሉዊስም ዋና ከተማዋና ወደቧ ናት። እንግሊዞች በ1810 ከፈረንሳዮች እጅ ወሰዷት። በ1835 ባርነት ሊቀር ሲል የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ሌላ ሠራተኛ ፈለጉ። ስለዚህ ከ1834 ጀምሮ በውል የተቀጠሩ ሕንዳውያን በመርከብ ይመጡ ጀመር፤ በጠቅላላው ከ400,000 የሚበልጡ ሰዎች በዚሁ ወደብ ገቡ።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ የወባን ተውሳክ በደማቸው ይዘው ነበር። ይሁን እንጂ ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ በደሴቲቱ ላይ ስላልነበረች በሽታው ለብዙ ዓመታት ወደ ሌላ ሰው አልተላለፈም። በኋላ ግን ትንኟም በመርከብ ሳትገባ አልቀረችም። ሁለቱ በተገናኙ ጊዜ ወረርሽኝ ተነሣ። በ1867 ብቻ ከ30,000 የሚበልጥ ሕዝብ ሞተ፤ የደሴቲቱ ሕዝብ 330,000 ያህል ነበርና ከአሥር ሰው አንዱ ግድም አለቀ ማለት ነው። አቅም ያላቸው ከወደቡ ሸሽተው ወደ ኩርፒፕ ደጋ ወጡ፤ ድኾች ግን እዚያው ቀሩ።

የበሽታው ምክንያት ያን ጊዜ አልታወቀም ነበር፤ ከረግረግ የሚወጣ መጥፎ አየር ነው ይባል ነበር። ላቬራን የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1880 ተውሳኩን በአልጄሪያ አገኘ፤ ሮናልድ ሮስም በ1897 በሕንድ አገር በትንኝ ሆድ ውስጥ አየው። ሮስ ራሱ በ1907 ወደ ሞሪሸስ ሄዶ ረግረጉን ማድረቅና ቦዩን መጥረግ እንደሚገባ መከረ።

ደሴቲቱ በ1973 ከወባ ነጻ መሆንዋ ተመሰከረላት። ነገር ግን በ1975 ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ ወባ ተመልሶ መጣ፤ በዚያው አገር የተላለፈ ወባ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1997 ነው። ከዚያ ወዲህ የሚገኘው መንገደኞች ከውጭ ይዘውት የሚገቡት ነው።

እንግዲህ ጥፋቱን በመጤዎቹ ላይ መጣል ቀላል ነው። ሆኖም እነርሱ እንጀራ ፍለጋ የመጡ ነበሩ፤ በሽታውን አውቀው አላመጡትም፤ ብዙዎቹም በእርሱ ሞቱ። በእኛም አገር የደጋ ሰው ለሥራ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ሲመለስ ጎረቤቱ ያስታምመዋል እንጂ አያሳድደውም። አገርን ከወባ የሚጠብቀው መንገደኛውን ማባረር ሳይሆን፣ ደሙን ቶሎ መርምሮ መድኃኒት መስጠትና በየደጃችን የቆመውን ውኃ ማፍሰስ ነው።