ሳርኮማን ለመለየት የሚያግዘው የዌቭሌት የምስል ትንተና

ሳርኮማ በጡንቻ፣ በስብ፣ በነርቭ፣ በደም ሥርና በመሳሰሉት ለስላሳ የሰውነት ክፍሎች ላይ የሚነሣ ካንሰር ነው። በአዋቂዎች ላይ ከሚከሰቱት የካንሰር ሕመሞች 1 በመቶ ያህሉን ብቻ ይይዛል። ብዙውን ጊዜ ሕመም የሌለው እብጠት ሆኖ ስለሚጀምር፣ ከባድ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች የጡንቻ መቀጥቀጥ ወይም ተራ የስብ እጢ ነው ብለው ሊያልፉት ይችላሉ።

እንዲህ ያለው እብጠት በኤምአርአይ ሲነሣ፣ ሐኪሙ መጠኑን፣ ጥልቀቱንና ለነርቭና ለደም ሥር ያለውን ቅርበት ያያል። ይሁን እንጂ አደገኛው እጢና አደገኛ ያልሆነው በዓይን ሲታዩ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። የዌቭሌት ትንተና የሚያግዘው በዚህ ጊዜ ነው። ዘዴው ምስሉን ደረጃ በደረጃ ይከፋፍለዋል። በእያንዳንዱ ደረጃ አጠቃላይ ቅርጹን የያዘ አንድ ምስል፣ በአግድም፣ በቁምና በሰያፍ ያሉትን ረቂቅ ለውጦች የያዙ ሦስት ምስሎችም ይገኛሉ። ኮምፒውተሩም ከእነዚህ በመነሣት የእጢው ውስጥ ወጥ ወይም የተዘበራረቀ መሆኑን በቁጥር ይለካል።

የዚህ ስሌት መነሻ ለኩዌት ነዋሪ እንግዳ ያልሆነው የነዳጅ ፍለጋ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ሞርሌ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከከርሰ ምድር የሚመለሱ የንዝረት ሞገዶችን ለመተንተን ተጠቀመበት። ኢንግሪድ ዶብሺ በ1988፣ ስቴፋን ማላ ደግሞ በ1989 ባሳተሟቸው ሥራዎች ለኮምፒውተር ስሌት አመቻቹት። በ2015 የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእጅና በእግር ላይ ሳርኮማ የነበረባቸውን 51 ሕሙማን ምስሎች በዌቭሌት ጭምር መርምረው፣ በሽታው ወደ ሳንባ የመዛመት ዕድሉን ለመገመት ሞክረዋል። የተመረመሩት ሕሙማን ቁጥር ግን ትንሽ ነው።

ስለዚህ ዘዴው ለሐኪም ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። የካንሰሩን ምንነት የሚያረጋግጠው ከእጢው ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ የሚደረገው ምርመራ፣ ማለትም ባዮፕሲ ነው።

በኩዌት የካንሰር ሕክምና በዋናነት የሚሰጠው በሹዌይኽ፣ በሳባህ የሕክምና አካባቢ በሚገኘው የኩዌት ካንሰር መቆጣጠሪያ ማዕከል ነው። ታካሚው ግን አስቀድሞ በተለምዶ መስተውሰፍ ወደሚባለው የመኖሪያ አካባቢው ክሊኒክ ይሄዳል፤ እንደ አስፈላጊነቱም ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይላካል።

ከ5 ሴንቲ ሜትር የበለጠ፣ እያደገ የሚሄድ፣ ከጡንቻ ሥር ያለ ወይም ከወጣ በኋላ ተመልሶ የመጣ እብጠት ሳይዘገይ ለሐኪም ሊታይ ይገባዋል። ምንነቱ ሳይታወቅ በወጌሻ ማሳሸትም ሆነ ምስል ሳይነሣ ማስቆረጥ አይገባም፤ ያለ ዝግጅት የተቆረጠ ሳርኮማ ቅሪቱ በቦታው ሊቀርና ቀጣዩን ሕክምና ሊያከብደው ይችላልና።