እድር፦ የሃይማኖቶች የጋራ መረዳጃ

እድር አባላት በየወሩ በሚያዋጡት ገንዘብ በሐዘንና በችግር ጊዜ የሚረዳዱበት ማኅበር ነው። አባልነቱ በአብዛኛው በጉርብትና ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ያቅፋል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከከተሞች ዕድገት ጋር ተስፋፋ።

ለእንዲህ ዓይነቱ ጉርብትና ምሳሌ ብንወስድ፣ ከመቱ ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሁሩሙ ኦርቶዶክሶች፣ ሙስሊሞችና ፕሮቴስታንቶች በጉርብትና ከሚኖሩባቸው የኢሉባቦር ዞን ከተሞች አንዷ ናት። በ1977ቱ ድርቅ ማግስት ከወሎ የመጡ የክርስትናና የእስልምና ተከታዮች በኢሉባቦር መስፈራቸው ይህን ስብጥር በዞኑ አሰፋው።

እድር በዳኛ ወይም በሰብሳቢ፣ በጸሐፊና በገንዘብ ያዥ ይመራል፤ ድንኳን፣ ወንበርና የማብሰያ ዕቃ በጋራ ይይዛል። የቀብሩ ሥርዓት ለየሃይማኖቱ ይተዋል፤ ሥጋም ለእያንዳንዱ የሚቀርበው የራሱ እምነት ሰው ያረደው ነው። ድንኳን መትከሉ፣ ውኃ መቅዳቱና ሐዘንተኛውን ማጽናናቱ ግን የሁሉም ነው። አንዳንድ እድሮች አረጋውያንን፣ ሕሙማንንና ወላጅ አልባ ሕፃናትንም ይደግፋሉ።

በአገር ደረጃ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ኦርቶዶክስ፣ እስልምና፣ ካቶሊክና የወንጌል አማኞች ተቋማትን ለሰላምና ለመረዳዳት ያሰባስባል። የመረዳዳቱ ሥር ግን ድሃው ጎረቤት በወግና በክብር እንዲቀበር የሚያደርገው የሰፈሩ እድር ነው።