የፍየል ጥርስ እና የመልካ ቁንጡሬው ሕፃን

ፍየል ገዝታችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሻጩ የፈለገውን ይበል፣ መጀመሪያ የሚከፈተው አፏ ነው። በዓል ሲደርስ የካ ገበያ ላይ የታችኛውን የፊት ጥርስ አይቶ ዕድሜዋን የሚነግራችሁ ሽማግሌ አይጠፋም። (ከላይ የፊት ጥርስ የላትም፣ አትፈልጉ።)

የቅሪተ አካል አጥኚዎችም ሥራ ከዚህ ብዙ አይርቅም። የተሰበረ አጥንት ይጠገናል። ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ሽፋን ግን አንዴ ከተሠራ ራሱን አይጠግንም። ጥርሱ እየተሠራ ሳለ እንስሳው ከተራበ ወይም ከታመመ፣ ያ ክፉ ጊዜ መስመር ወይም ጉድጓድ ሆኖ ይቀራል። የዱር ፍየልም ሆነ ጉማሬ፣ ሰውም ቢሆን ሕጉ አንድ ነው። የእኛው የዱር ፍየል ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ውጭ የለም፤ ለአዲስ አበባ ሰው የሚቀርበው ታሪክ የሰው ጥርስ ነው።

ከከተማችን በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አዋሽ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬ አለ። እ.ኤ.አ. በ1981 ጋርባ በተባለው የቁፋሮ ስፍራ የአንድ ሕፃን የታች መንጋጋ ተገኘ። በ2004 የወጣ ጥናት የሕፃኑ ኢናሜል በደንብ አልተሠራም፣ ምልክቱም በዘር የሚወረስ የጥርስ ሕመም ነው አለ። በ2023 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች ሕፃኑን ሆሞ ኢሬክተስ ብለው ዕድሜውን 2 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ አደረጉት። ሕመሙ ዛሬም አለ። ያለበት ልጅ ቀዝቃዛም ትኩስም ያመዋል፣ ጥርሱም ቶሎ ያልቃል።

ስለ ቅሪተ አካል ስናወራ የምንወደው “የመጀመሪያው” የሚለውን ቃል ነው፤ ልክ እንደ ሩጫ ሜዳሊያ። ያው አመላችን ወደ ሌላም ይሻገራል። የካና እንጦጦ ላይ ማን ቀድሞ ሰፈረ እያልን ሌሊቱን ስንነታረክ የምንቆጥረው ቢበዛ መቶዎችን ነው፤ ምኒልክ እንጦጦ ከከተሙ እንኳ 150 ዓመት አልሞላም። ዩኔስኮ በ2024 መልካ ቁንጡሬንና ባልጪትን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብም ብዙዎቻችን ቁጥሩ ስንት ደረሰ ብለን ነው ያለፍነው።

እኔን የያዘኝ ግን ያ መንጋጋ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። በዚያ ጥርስ ምን ያኝክ ነበር? ሲሞት ገና ትንሽ ልጅ ነው፤ ምናልባት ጡትም አልጣለም።